ሲንኩ ዝም ያለ ለት

የወይዘሮ ሰቢሃ ሲንክ ያልጮኸበት ቀን አልነበረም። ቧንቧው ሲከፈት ይነጫነጫል፣ ማንኪያ ሲወድቅበት ይደነፋል፤ ድስት ያስቀመጡበት እንደሆነማ ወይ ጉድ! ኪልበርን ያለው ያ አሮጌ ፎቅ በሙሉ ከበሮ የተመታ ይመስለው ነበር። ባለቤታቸው ዐብዱ በሕይወት ሳሉ፣ «አንድ ቀን ከዚህ ነገር እገላግልሻለሁ» ይሉ ነበር። አልደረሱም። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ አብረው አገር ለቀው መጡ፣ ዐብዱም እዚሁ አረፉ፤ ካረፉ ይኸው አራት ዓመት። ልጃቸው ሪሐብ ማንችስተር ነው ትዳሯ። አርብ አርብ ትደውልና «እማዬ ቢዚ ነኝ፣ መልሼ ልደውል» ብላ ትቀራለች።

በነዚህ አራት ዓመታት በራቸውን ያንኳኳ ሰው ቢኖር የታችኛዋ ጎረቤት ሞሪን ብቻ ናት። ሞሪን ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። መኝታዋ ደግሞ ልክ ከሲንኩ ሥር ነው። መጀመሪያ የመጣች ለት ዓይኗ ደም መስሎ፣ «እባክዎ፣ ራሴ ላይ እኮ ነው የሚያጥቡት» አለች። ወይዘሮ ሰቢሃ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሁለተኛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ስለ ብርዱ አወራች። በሦስተኛው ገብታ ተቀመጠች፤ ሻይ ጠጣች፤ የዐብዱን ፎቶ አይታም «መልከ መልካም ነበሩ» አለች። ውሸቷን ነው፤ ዐብዱ ደግ እንጂ ቆንጆ አልነበሩም። ቢሆንም ወይዘሮ ሰቢሃ ያን ቀን ሁለት ብርጭቆ አጠቡ። ከአንድ በላይ ብርጭቆ ካጠቡ ስንት ጊዜያቸው!

እንግዲህ ስሕተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። «ይቺ ልጅ ለክስ መጥታ እንዲህ ከተጫወተች፣ እንቅልፏን ብሰጣትማ እንግዳዬ ትሆናለች» ብለው አሰቡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ!

የእህታቸውን ልጅ ተውፊቅን ጠሩት። ዌምብሊ የሚኖር፣ ኪችን በመግጠም የሚተዳደር ጎልማሳ ነው። ሲንኩ ሥር በጀርባው ተኝቶ በጣቱ አንኳኳው።

«አክስቴ፣ ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ሥሩ ባዶ። ለዛ ነው የሚጮኸው። ከሥር ከባድ ነገር እንለጥፍበታለን። ኢዚ ነው፣ አያስቡ።»

ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ወፍራም ጥቁር ነገር እየቆረጠ የሲንኩን ሆድ አለበሰው። የላሉትን ማሰሪያዎች አጠበቀ፤ ዙሪያውን በሲልከን ደፈነ፤ የቧንቧው አፍ ላይ ውሃውን የሚያለዝብ ወንፊት ገጠመ፤ ሲንኩ ውስጥም የጎማ ምንጣፍ አነጠፈ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተው። ኮሽ እንኳ አላለም።

«ባይፈለግስ ይነቀላል?» አሉ ወይዘሮ ሰቢሃ፣ ለምን እንደጠየቁ ሳያውቁት።

«ይሄ? አንዴ ከተለጠፈ ሰይጣንም አይነቅለው!» ብሎ ሳቀ። ቸኩሎ ነበርና ሻዩን በቁሙ ጨልጦ ሄደ።

በማግስቱ ሳምቡሳ ጠበሱ። አበባ ያለበትን ሰሃናቸውን ጢም አድርገው ሞልተው ወደ ታች ወረዱና ለሞሪን በእጇ ሰጧት። «ከእንግዲህ ተኚ፣ ልጄ» አሏት። ሞሪን እቅፍ አደረገቻቸው። ደረጃውን ሲመለሱ ጉልበታቸው እንኳ አላመማቸውም።

ሰሃኑን ሆን ብለው ነው የሰጧት። ደሴ፣ ባደጉበት ሰፈር፣ የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ቢያጡ ቢያጡ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል፤ መላሿም ቁጭ ብላ፣ ተጫውታ ነው የምትሄደው። ሞሪን የደሴ ልጅ አለመሆኗን ማን ያስታውሳቸው?

አንድ ቀን ጠበቁ። ሦስት ቀን ጠበቁ። ብስኩት ገዝተው አስቀመጡ። «መጥታ ብታጣኝስ» እያሉ ከቤት ሳይወጡ ዋሉ። በሳምንቱ ቆሻሻ ሊጥሉ በሩን ሲከፍቱ እጀታው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ሰሃኑ ነው፤ ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ ባዶውን። አብሮት አንዲት ወረቀት አለች፦ «በጣም አመሰግናለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፌን አገኘሁ። ሞሪን።»

«ቤት ነበርኩ እኮ» አሉ ወይዘሮ ሰቢሃ ለፌስታሉ። «ብታንኳኪ ምን ነበረበት?»

ማንንስ ይውቀሱ? ልጅቷ ያጠፋችው የለም፤ አሮጊት ላለማስቸገር ብላ ነው፣ የዚህ አገር ደግነት እንዲህ ነው። እሷን ደረጃ የሚያስወጣት ክሷ ነበር። ክሱን ደግሞ እሳቸው በገዛ እጃቸው አስዘጉት።

ሰሃኑን ሲንኩ ውስጥ አስቀመጡት። ድምፅ የለም። የጎማውን ምንጣፍ አንሥተው ወረወሩት፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ። በዚህ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ሲንኩ ሥር ገቡና ጥቁሩን ነገር በቢላ ጫፍ ይፍቁት ጀመር። ተውፊቅ፣ አላህ ይይለት፣ ሙያ የለውም አይባልም፤ ቅንጣት አልነቀል አለ።

ተነሡ። የትልቁን ድስት ክዳን አነሡና እስከ ደረታቸው ከፍ አድርገው ሲንኩ ውስጥ ለቀቁት።

ድፍ አለ። በቃ፣ ድፍ።

ወይዘሮ ሰቢሃ ግን ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ሻይ ጣዱ፤ ሁለት ብርጭቆ አወጡ፤ ብስኩቱን አበባው ሰሃን ላይ ደረደሩና ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታች ቤት ሞሪን ለጥ ብላ ተኝታለች።