በመጡበት ዱካ

የሾፌሩ አንገት መዞር ካቆመ ከርሟል። መጀመሪያ በግራ በኩል እምቢ አለ፤ ቆይቶ ቀኙም ተከተለ። ከጎኑ ያለ ሰው ሲያናግረው ከወገቡ ጀምሮ እንደ በር ይዞራል። ጋራዥ ውስጥ ከኋላው ሲጠሩት ቶሎ ዘወር ስለማይል ጓደኞቹ ሰው መናቅ ጀመረ አሉና «ኩሩው» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን አልጠላውም። ኩራት ያስወቅሳል እንጂ ከሥራ አያስወጣም።

በሽታውን ለማንም አልተናገረም። ባለመኪናው ቢሰማ ቁልፉን ይቀበለዋል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ከመሪ ሌላ የጨበጠው ነገር የለም። ሚስቱ ብትሰማ እንቅልፍ ታጣለች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ትራሱን እያጣጠፈ ይተኛል፤ ሲነጋም እንደ እንጨት ደርቆ ይነሣል።

ባለመኪናው እንግዶችን ወደ በረሃ የሚልክ ሰው ነው። እንግዶቹ ከበረሃው ሁሉ አብልጠው ማየት የሚፈልጉት ነጩን ሜዳ ነው። ሜዳው ግን ባለቤት አለው። የአካባቢው ሰዎች ሙታናቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ነው፤ እዚያ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጅ እንኳ አይሮጥበትም። የመሬቱ ገጽ ስስ ቅርፊት ነው። ጎማ አንዴ ከሰበረው፣ የሰበረው ሰው አርጅቶ እስኪሞት አይሽርም።

ስለዚህ የሜዳው ሽማግሌዎች መኪና ከማስገባታቸው በፊት ሾፌሩን ቃል ያስገቡታል። ከአሮጌው የጎማ ዱካ አትወጣም። ከመቃብሮቹ ፊት ካለው የድንጋዮች ረድፍ አታልፍም፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ተሳስተህ ከዱካው ከወጣህ ደግሞ እዚያው ላይ መኪና አታዞርም፤ በሰበርከው ላይ ወደ ኋላ እየነዳህ ትመለሳለህ፤ ከዚያ ወርደህ በእጅህ ትደፍናለህ። አንድ ቁስል ይበቃል ይላሉ። ቃሉን ያፈረሰ ሾፌር ሁለተኛ አይገባም፤ የላከው ሰው መኪናዎችም አይገቡም። ሾፌሩ ይህን ቃል በጉርምስናው ገብቶ ጸጉሩ እስኪሸብት ጠብቆታል።

አማቱ የዚያው የሜዳው ሰው ናቸው። ባላቸውም ያረፉት እዚያ ነው። ከልጃቸውና ከሾፌሩ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ጉልበታቸው እየከዳቸው ሄዶ፣ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ግድግዳ ይደግፋሉ።

«ከድንጋዮቹ ረድፍ እሱ ጋ የሚያደርሰኝ ጉልበት ዘንድሮ አለኝ» አሉ አንድ ቀን እራት ላይ። «ከርሞ የለኝም።»

እንደ ልመና አልነበረም ያሉት፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ሚስትየዋ ባሏን አየችው። ባሏ ወለሉን አየ።

ሾፌሩ እንግዶች ይዞ ሰንብቶ እንደተመለሰ፣ በዕረፍት ቀኑ መኪናዋን እንዲሰጠው ባለመኪናውን ጠየቀ።

«ውሰዳት» አለው ባለመኪናው። «ግን ሳይመሽ መልሳት። ከነገ ወዲያ እንግዶች ይዘህ ሜዳው ትገባለህ። ሽማግሌዎቹ ከአንተ ሌላ ሾፌር አያምኑም።»

ሾፌሩ ድካሙ ከአጥንቱ ሳይወጣ በማለዳ ተነሣ። አማቱን ደግፎ ጋቢና አስቀመጣቸው። ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ቆመና ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማስተንፈስ ያዘ። አማቱ በመስኮት ያዩታል።

«ምን አደረገችህ?» አሉት።

«ጎማው ሲላላ ሰፋ ብሎ ይረግጣል እማማ። መሬቱን አይወጋም።»

«አንተንም ትንሽ የሚያስተነፍስ ሰው በተገኘ።»

ሾፌሩ ሳይዞር ሳቀ። ገብቶ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ አስገባና በአሮጌው ዱካ ቀስ ብሎ ተያያዘው።

ዱካው ብዙ ከሄደ በኋላ አንድ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ድንጋዩ ከዱካው ራቅ ያለ ነው። ድሮ ሾፌሩ ገና ሳይደርስ አንገቱን ወደ ግራ ጣል አድርጎ ይፈልገዋል፤ ሲያየው ይታጠፋል። ዛሬ የሚፈልገው በዓይኑ ጥግ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከፊት ነበረች። ሜዳው ነጭ ነው፤ ሰማዩም ወደ ነጭ ይሄዳል። ተኝቶ ነበር አይባልም፤ ነቅቶ ነበርም አይባልም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደነዳ አያውቅም። ያባነነው ድምፁ ነው፤ ከጎማዎቹ ሥር ደረቅ ዳቦ እንደሚቆርስ ሰው ያለ ድምፅ።

ፍሬን ያዘ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ጥቁሩ ድንጋይ የታለ?» አሉ አማቱ።

«አልፈነዋል። ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሾፌር ያለበት መኪና ውስጥ ይጨፈናል ብዬ።»

ሾፌሩ የፀሐይ መከለያውን ወደ ታች ሳበ።

«እስቲ ዞር በልና ከየት እንደወጣን እይ» አሉ።

በስፖኪዮው አየና «አይቻለሁ» አለ።

«አላየህም።»

ዱካው በግራ በኩል የሆነ ቦታ መሆኑን ያውቃል። ትንሽ በሰያፍ ቢቆርጥ ያገኘዋል። እጁ ከልቡ ቀደመና መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ።

«ወዴት ነው?» አሉ አማቱ።

«ወደ ዱካው ልመለስ።»

«በየት በኩል?»

ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ደክሞኛል። ማንም አያየንም» አለ።

«እኔ ማን ነኝ?» አሉ። «እዚያ የተኙትስ?»

መሪውን መልሶ አቀና። የኋላ ማርሽ አስገባና በስፖኪዮ እያየ ለመሄድ ሞከረ። ሜዳው ነጭ፣ ስብራቱ ነጭ፤ በመስታወት ሲታዩ አንድ ናቸው። ገና ከመነሣቱ የዳቦው ድምፅ እንደገና ተሰማ። አዲስ ቅርፊት ሰብሯል። ቆመ። በሩን ከፍቶ ወደ ኋላ ለማየት ብቅ አለ፤ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ስለት የገባበት መሰለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተመልሶ ተቀመጠና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

አማቱ ይህን ሁሉ ያዩ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«አንገትህ።»

«ትራሱ ነው እማማ። ሲያድር ይለቀኛል።»

«እኔም ጉልበቴ ሲጀምረኝ ጫማው ነው እል ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ። ያንተ ለጌጥ ቀርቷል። ልጄ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ያ ሰውዬስ፣ ባለመኪናው?»

«ካወቀማ ሥራዬ አለቀ።»

አማቱ የነጠላ ጫማቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። «ውረድና አውርደኝ። ከኋላ ተቀምጬ አይልሃለሁ።»

ደግፎ አወረዳቸው። ያልተሰበረውን እንዳይረግጡ ብለው ሁለቱም የተሰበረውን ብቻ እየረገጡ በመኪናዋ ጎን ሄዱ። የኋላውን በር ከፈተላቸው። ዕቃ መጫኛው ውስጥ በአንድ ጎን የውሃ ጀሪካን፣ በሌላው ጎን ክሪክ አለ። አንሥቶ ጀሪካኑ ላይ አስቀመጣቸው። ፊታቸው ወደ ኋላ፣ እጃቸው የበሩ ፍሬም ላይ ሆነ።

«በስተርጅና ሸቀጥ ሆንኩ» አሉ። «በል ንዳ።»

«ወደ ቀኝ ልሂድ ወደ ግራ?»

«የማን ቀኝ? እኔና አንተ አሁን ጀርባ ለጀርባ ነን።»

ሾፌሩ አሰበ። «እንግዲያው ወደ ጀሪካኑ ወይም ወደ ክሪኩ ይበሉኝ።»

«እሱ ይገባኛል። ወደ ክሪኩ። ትንሽ። በቃ። አሁን ቀጥ። ቀጥ አልኩ እኮ፤ ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«መሬቱ ነው።»

«መሬቱማ ዝም ብሎ ተኝቷል። ወደ ጀሪካኑ። ቀስ።»

እንዲህ ሆነው ሄዱ። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ከኋላ አማቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲተነፍሱ ይሰማል፤ ላቁም ሲላቸው «ስትደርስ ታቆማለህ» ይሉታል። እሱ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር የራሱ ስብራት ከኮፈኑ ሥር እየወጣ ይረዝማል። ለካ ብዙ ሄዶ ነበር።

ነገ የሚያመጣቸውን እንግዶች አሰበ። እነሱ ቢሆኑ ማን ጀሪካኑ ላይ ይቀመጥለታል? ደክሟል፣ ፀሐይ አለ፣ እንግዶች ይጠብቃሉ፤ ያዞር ነበር። ልቤ እምቢ ይለኛል እንዳይል እጁን አይቶታል። አማቱ ሳይናገሩ በፊት እጁ አዙሯል።

«ድንጋዩ መጣ» አሉ አማቱ። «ቁም።»

አሮጌው ዱካ ላይ ቆመ። ሞተሩን አጠፋና አማቱን አውርዶ ከመኪናዋ ጥላ ሥር፣ ብርድ ልብስ አጣጥፎ አስቀመጣቸው። ከዚያ ብቻውን ሲደፍን ዋለ። የተገነጠለውን ቅርፊት እያነሣ እንደ ተሰበረ ሸክላ ከቦታው ይገጥማል፤ ያልገጠመውን በእጁ ፈርፍሮ ይነሰንሳል፤ በመጨረሻ ባዶ ጆንያ እየጎተተ ይዳብሰዋል። ማጎንበስ አንገቱን አላመመውም፤ የሚያመው ቀና ሲል ነው። ስለዚህ ቀና አላለም።

ሲመለስ አማቱ የተደፈነውን ከሩቅ ያዩ ነበር።

«ይታያል» አላቸው።

«ይታያል» አሉ። «እኔ ከሄድኩም በኋላ ይታያል። ግን አንድ ነው።»

መኪና ለማዞር የተፈቀደው ድንጋዮቹ ረድፍ ጋ ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ነዱ። ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘንብላለች። አማቱ ሊወርዱ እግራቸውን አወጡ፤ ጉልበታቸው ግን አልታዘዘም። ጀሪካኑ ላይ ያለው መንገጫገጭ ጨርሶታል። ከረድፉ አንዱን ድንጋይ ይዘው ተነሡ፤ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ።

ከረድፉ ወዲያ ነጩ ሜዳ ነው። ባላቸው ያሉበት ጉብታ ከሩቅ ይታያል።

«ልዘልዎት?» አለ ሾፌሩ።

«በዚያ አንገት?»

ሁለቱም ሳቁ። የአማቱ ሳቅ ቶሎ አለቀ። ድንጋዩን ተደግፈው ወደ ጉብታው ብዙ አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ አልተሰማም። ሾፌሩ መኪናዋ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው።

በመጡበት ዱካ ተመለሱ። ጎማዎቹን ነፍቶ አስፋልት ላይ ሲወጣ አማቱ «ለልጄ አልነግራትም» አሉ። «ዝም አይነቅዝም።» «አንተ ግን አፍ አለህ።»

መጀመሪያ ቤት ላድርስዎ ሲላቸው እንዳይመሽበት ብለው እምቢ አሉ። ጋራዡ በር ላይ፣ የዘበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ባለመኪናው በግቢው መሐል ቆሞ ነበር። መኪናዋን ዞሮ አየና ከሾፌሩ በግራ በኩል መጣ። «ነገ በማለዳ ና» አለው።

ሾፌሩ ከወገቡ ዞረ። «አልመጣም።»

«ምን ሆንክ?»

«ይኸው እንደምታየኝ ነው። አንገቴ አይዞርም። ከቆየ ቆይቷል።»

«እኛ ኩራት ነው ስንል?»

«ኩራት በሆነልኝ። ዛሬ ከዱካው ወጣሁ። በኋላ ማርሽ የመለሱኝ አማቴ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ እዚያው አዞር ነበር።»

ባለመኪናው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ደፈንከው?»

«ደፈንኩት። ግን ይታያል። ለሽማግሌዎቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ሐኪም አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታይ እንጂ» አለ ባለመኪናው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራ ምንም አላለም። ቁልፉን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። ሾፌሩ ምስማሩን አየና ወጣ።

ታክሲው ውስጥ የቀረው ከባለታክሲው ወንበር ጀርባ ያለው፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረው መቀመጫ ብቻ ነበር። አማቱን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ አጠገባቸው ተቀመጠ። መኪናው ተነሣ። በኋላው መስታወት የጋራዡ በር፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎም መብራቶቹ እየራቁ ሄዱ። አንገቱን ሳያንቀሳቅስ ሁሉን አየ።

«አሁን እሱ ጋ ማን ይወስደኛል?» አሉ አማቱ ድንገት። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

«ከጓደኞቼ አንዱን እለምናለሁ። ጉልበትዎ ትንሽ ይረፍ እንጂ።»

«አንተስ?»

«ከኋላ እቀመጣለሁ። ጀሪካኑ ላይ።»

አማቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አሰቡበት።

«ይቆረቁራል» አሉ። «ብርድ ልብስ አንጥፍበት።»