ሴት የነካችው ሞተር

«ቫኗን እኔ ስነዳት ድምጿ እንኳ አይሰማም ነበር፤ ሴት እጅ በገባች ማግስት ሞተሯ ነክሶ ቆመ» ይላል ታላቅ ወንድሜ። ለጎረቤት ይላል፣ ለፀጉር አስተካካዩ ይላል፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይላል። ወሬ ሲደጋገም እውነት ይመስላል፤ እናታችንም ሰሞኑን ስታየኝ ከንፈሯን መምጠጥ ጀምራለች።

መንዳት ማንም አላስተማረኝም። እሱ ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፋ ቁልፉን እያነሳሁ፣ ግቢ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ እያልኩ፣ በዚያችው አሮጌ ቫን ተማርኩ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬንም ያለፍኩት በእሷው ነው፤ ሌላ መኪና ነክቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ወንድሜ የፋብሪካ ሠራተኞችን የማመላለሱን ሥራ ለቀቀልኝ። «ከእንግዲህ ያንቺ ናት» አለኝ፣ እናታችን ፊት።

«ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው?» አልኩት።

ሳቀ። «መሐንዲሷ ተነሳች። ባለፈው ወር ነዋ። ደግሞ ዘይት ሲያንሳት መብራቷ ይነግርሻል፤ እስኪበራ ድረስ አርፈሽ ንጂ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ታላቄ ነው፣ አመንኩት። ጠዋት ጠዋት ላይዋን ሲወለውል የሚያየው ሰው፣ ውስጧን ይረሳል ብሎ እንዴት ይጠርጥር? እኔም ዓይኔን ከዚያች መብራት ነቅዬ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አልበራችም።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሞተሩ ተንኳኳ፣ አቃሰተና ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ እያጉረመረሙ በእግራቸው ሄዱ። መካኒኩ ሲከፍተው ያገኘው እንደ ሬንጅ የረጋ ዝቃጭ ነው። «ይሄ የወር ሥራ አይደለም፤ ዘይት ካየ ዓመት አልፎታል» አለ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል።

የፋብሪካው ኃላፊ ጆሮ የደረሰው ግን የወንድሜ ወሬ ነበር። «እህቴ፣ ሴት መንዳቷን ጠልቼ አይደለም» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሞተር የሚያስቀይር አቅም ስላልነበረን ቫኗን ቁራሌ ገዛትና በገመድ ተጎትታ ወጣች።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ እናታችን ዓይኗን ስትጠርግ ወንድሜ ሊያጽናናት ፈለገ።

«ተይ እንጂ እማዬ፣ ድሮም በሽተኛ ነበረች» አለ እያላመጠ። «ያቺ የዘይት መብራቷ እኮ ውላ ታድር ነበር ስትበራ። ፊት የሚቀመጠው ሁሉ ‹ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው?› እያለ ሲነዘንዘኝ ጊዜ አምፖሏን ነቅዬ ጣልኩት። ይቺ መሪ መጨበጥ ሳትጀምር ነው።»