ከፍልውሃ የተረፈው

እማማ ቀመሪያ አዳማ ካለ የመካንነት ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው ልጃቸውን ጉቱን በዓይናቸው ይጠብሱታል። ምራታቸው ዱሬቲ ጠዋት እንቁላሏ ተወስዶ ከማደንዘዣው ገና አልነቃችም። ምስኪን፣ ለዚች ቀን ስትል ሆዷ በመርፌ ተበሳስቷል! ከጉቱ የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳይነከር። እሱ ግን የሚነዳውን አይሱዙ መኪና እያቆመ በየሳምንቱ ፍልውሃ ሲዘፈዘፍ ከርሟል!

ነገሩን ያወጣው ራሱ ነው፤ ዶክተር ኢስሃቅ «ዘርህ ካለፈው ምርመራ በጣም ቀንሷል፤ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ሲያፋጥጠው።

«እንዲበረታልኝ ብዬ ነዋ! አገሩ ሁሉ ሲታመም ፍልውሃ አይደል የሚሄደው?»

«አንተ ጅል!» አሉ እማማ ቀመሪያ። «አርሲ ተወልደህ፣ ስንዴ ስታይ አድገህ፣ ንፍሮ ዘርተህ ቡቃያ ትጠብቃለህ?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። «ተስፋ አይቁረጡ እማማ። እንደ ፀጉር የቀጠኑ መተላለፊያዎች ያሉት ትንሽ ሳህን አለን። ዘሩን በአንድ በኩል ስናስገባው ጉልበት ያለው ራሱ ዋኝቶ በወዲያኛው ይወጣል፤ የተጎዳው ከኋላ ይቀራል። ከወጣው ላይ ደግሞ በማጉያ መነጽር እያየን ደህና ደህናውን እንመርጥና እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ አንድ አንድ እናስገባለን።»

ጉቱ ቀና አለ። «ዶክተር፣ መምረጡ ካልቀረ ወንድ ወንዱን...»

«ዝም በል! ንፍሮ ይዞ መጥቶ ደግሞ ያማርጣል!»

ሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። እማማ ቀመሪያ መቁጠሪያቸውን እየገፉ፣ በመሃል «ፍልውሃ!» እያሉ ይበግናሉ። ጉቱ ጠጋ አላቸው።

«እማዬ፣ ለዱሬቲ እንዳትነግሪያት። ትታኝ ትሄዳለች።»

«ብትሄድ ይፈረድባታል?»

ዶክተር ኢስሃቅ ግንባሩን እየጠረገ ብቅ አለ። «በጭንቅ ነው፤ ግን ለእንቁላሎቹ ሁሉ የሚበቃ አግኝተናል። እንቁላሎቹ ከዘሩ ጋር መዋሃድ አለመዋሃዳቸው ነገ ይታወቃል። ዱሬቲም ነቅታለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ቀመሪያ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። የልጃቸውን እጅጌ ይዘው ክፍሏ ድረስ ጎተቱት።

ዱሬቲ በደከመ ድምፅ «እማማ፣ ተገኘ?» አለች።

«ተገኝቷል ልጄ። ከምን እንደተረፈ ደግሞ ባልሽ ይነግርሻል።»

ጉቱን ወደ አልጋዋ ገፍተው ወጡ፤ በሩንም ከውጭ ዘግተው እጀታውን ያዙ።