መቀነት ከሱሪ ሥር

“ጠበቅ አርጊው” አለ እጅጉ፣ ቀኝ እግሩን በርጩማው ላይ ዘርግቶ።

“ከዚህ በላይ ካጠበቅሁትማ እግርህ ያንተ መሆኑንም ትረሳዋለህ” አለች ሚስቱ ዓባይነሽ። ከጉልበቱ በታች ጀምራ ወደ ላይ ትጠመጥማለች፤ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን እስከ ግማሽ ይደርባል። የምትጠመጥመው ጫፉ ቀይ ጥለት ያለውን የሰርጓን መቀነት ነው። የራሷን ወገብ ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ቁራጭ አስራለች። እጅጉ ያንን ቁራጭ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እጅጉ በቡሬ ገበያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ኩንታል የተሸከመ ሰው ነው። ጤፍ ቢሉት፣ ኑግ ቢሉት፣ በርበሬ ቢሉት፣ በትከሻው ያላለፈ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን የኑግ ጆንያ ተሸክሞ ብድግ ሲል ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዶ ያሳየው የጤና ጣቢያው ድሬሰር እግሩን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆይቶ፣ “ሸክም ስታነሳ ጠበቅ አርገህ እሰረው፤ ስታርፍ ደግሞ ፍታው፣ ደም ይዙርበት” አለው። ምክሩ ቀላል ነበር። ቡሬ ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም።

የቡሬ ጫኞች ደንብ አላቸው። ጉልበቱን ያሰረ ሰው ሸክም አይሰጠውም፤ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ የጆንያ አፍ ይሰፋል። በሬ የሚያህለው ገብረሰንበት አንድ ቀን ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ ብቅ አለ፤ ይኸው አራት ዓመቱ፣ የጆንያ መርፌውን እንደያዘ ቀርቷል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የታመመ ጉልበት መኪና ላይ በሚያወጣው ሳንቃ ላይ ከከዳ፣ ከኋላ የሚመጣውንም ይዞ ይወድቃል ብለው ስለሚፈሩ ነው። እጅጉ ደግሞ መርፌ ከሚይዝ ሞቱን ይመርጣል። ችግሩ ቁምጣው ነው፤ ቁምጣ የለበሰ ጎጃሜ ጉልበቱ እንደ ፊቱ ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ ለዓባይነሽ ወንድም ሰርግ ያሰፋውን ካኪ ሱሪ ከሣጥን አወጣ።

“አንቱ ጌታዬ፣ ዛሬ የት ሊሾሙ ነው?” አለች ዓባይነሽ። ስታሾፍበት አንቱ ትለዋለች። “ሲያርፉ መፍታት አይርሱ እንጂ።”

“እሽ አልሁሽ።”

“አልሁሽ ማለት ፈታሁ ማለት አይዶለም።”

መጋዘኑ ሲደርስ ጫኞቹ ሥራ ሊጀምሩ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“ኧረ ጸሐፊው መጡ! ወንበር አቅርቡ!” አለ አንዱ።

“የምን ሱሪ ነው፣ እጅጉ?” አሉ የጫኞቹ አለቃ አያ ዳኘው። ማን እንደሚሸከምና ማን እንደሚሰፋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

“ብርዱ ነው፣ አያ ዳኘው።”

“ብርድ? በመጋቢት?”

ሳቁበት። እጅጉም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ፊያት የጭነት መኪና ጤፍ ሊጭን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የእጅጉ የሸክም ጓደኛ እንዳለው የሚባል የማንኩሳ ሰው ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ፣ አምና ያገባ። የመጀመሪያውን ኩንታል ሲያሸክመው እጅጉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተነሳ። ጉልበቱ ዝም አለ። የዓባይነሽ እጅ እዚያው የቀረ ይመስል መቀነቱ ደግፎ ያዘለት። ሁለተኛውን አወጣ፣ አሥረኛውን አወጣ።

“ጎሽ! የድሮው እጅጉ!” አሉ አያ ዳኘው።

ለዕረፍት ሲቀመጡ መፍታት ነበረበት። ለመፍታት ግን ሱሪውን መጠቅለል ሊኖርበት ነው፣ ያውም በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት። ተወው። በሁለተኛው ዕረፍትም ተወው። ቀትር ላይ እግሩ መጀመሪያ ውርር አለው፣ ቀጥሎም እንጨት ሆነ። እንደ ምንም ብሎ ሌላ ኩንታል አንስቶ ሳንቃው ላይ ወጣ፤ እግሩ የት እንደሚያርፍ ግን አልተሰማውም። ወጣ፣ ወጣና ጫፉን ስቶ ከነጆንያው ወደ ጎን ተንከባለለ።

እንዳለው ከታች ዘሎ በሁለት እጁ ባይቀልበው ኖሮ አንገቱን ይሰበር ነበር። ጆንያው መሬት ላይ ዱብ አለ። አንዲት ፍሬ ጤፍ አልወጣችም፤ የገብረሰንበት ስፌት የዋዛ አይደለም።

“ሱሪው ነው! ሱሪው ነው የጠለፈው!” ብለው ጮኹ አያ ዳኘው። “ነገ ቁምጣህን ለብሰህ ካልመጣህ ሸክም የሚባል አልሰጥህም!”

እንዳለው ደግፎት ከተቆለለው ጆንያ ጀርባ አስቀመጠውና እግሩን ሊያሽለት ሱሪውን ጠቀለለ። እጁ ባለበት ቀረ።

“አያ እጅጉ፣ ይኸ የሴት መቀነት አይዶለም?”

“የዓባይነሽ ነው። ፍታውና ዝም በል።”

ሲፈታለት ደሙ እየነዘረ ተመለሰ። እንዳለው አልሳቀም። ዞር ዞር ብሎ አየና የራሱን ግራ ጉልበት ወደ እጅጉ አስጠጋ፤ በጎኑ በኩል አብጧል።

“ከጥምቀት ጀምሮ ነው። ለሚስቴም አልነገርኋት። በዚህ ዕድሜዬ መርፌ ልያዝ?”

“አንተ ሰው! ሳንቃ ላይ ቢከዳህስ?”

“እርስዎስ?”

እጅጉ መቀነቱን እንደገና አስሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቱ ከጆንያው ጀርባ እየሄደ ፈታ፤ ሲነሳ እያሰረ ሃያ ስድስት ኩንታል ያለ ሕመም አወጣ። ዓይኑ ግን የእንዳለው ጉልበት ላይ ነበር። ያ ሰው ሳንቃውን በረገጠ ቁጥር እጅጉ ከታች ጠጋ ብሎ ይቆም ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ።

“ፈታኸው?” አለች ዓባይነሽ፣ ገና ከደጃፉ።

ሁሉንም ነገራት። እሷ ትከሻውን በጡጫ መታችው፣ ቀጥላም እዚያው ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እኔ ያላንተ ምን ልሆን ነው?” ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እጅጉ ራሷን ሲዳብስ ቆየ። ቀጥሎ ሱሪውን አወለቀና ጋቢውን አገለደመ።

“መቀስ አምጪ። ከጉልበቱ በላይ ቁረጪው።”

“የሰርግ ሱሪህን? ቁምጣ አጣህ እንዴ?”

“ሱሪው ደኅና ሆኖ ካደረ ነገ ጠዋት ልቤ ወደ መደበቁ ይመለሳል።”

“መርፌ ቢሰጡህስ?”

“በመጀመሪያ ዓይናቸው እያየ አስሬ ኩንታሉን አወጣለሁ፣ ዓይናቸው እያየ እፈታለሁ። ከዚያ ወዲያ መርፌም ከሰጡኝ ይስጡኝ። ያ የማንኩሳ ልጅ ግን እኔን ሲያይ ደብቆ አይሞትም።”

ዓባይነሽ ቆረጠችው። የተቆረጡትን ሁለት የሱሪ እግሮች ጭኗ ላይ ዘርግታ ለካቻቸው።

“ካኪው ይጠነክራል። በዚህ ለአንተ ልስፋልህና መቀነቴን መልስልኛ።”

“እሱ ለእንዳለው ነው። ላንቺ በገበያ ቀን ሌላ መቀነት እገዛልሻለሁ።”

“ሌላ መቀነት የሰርጌ አይሆን።”

“አይሆንም። ለዚያ ነው የማልመልሰው።”

“ወግ አይቀር!” አለች፤ ፊቷን ግን ወደ ጓዳ አዙራ ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት እጅጉ አዲሱን ቁምጣ ለብሶ በርጩማው ላይ እግሩን ዘረጋ። ለእንዳለው የተሰፋው ካኪ ከጎኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓባይነሽ ጠምጥማ ስትጨርስ የመቀነቱ ቀይ ጫፍ ትርፍ ሆኖ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። እንዳይታይ ወደ ውስጥ ልትሸጉጠው ስትል እጇን ያዛት።

“ተይው” አላት። “ይታይ።”