ሰውህን አትልቀቅ

አባቴ ክላይቭ ዶውሊንግ ሰውን መከተል ያስተማረኝ ሌላው አባት ልጁን ዋና በሚያስተምርበት ዕድሜ ነው። እሱ በስንዴ አምራቿ ከተማችን በቢንጋሪ፣ ኳስን በእጅም በእግርም የሚጫወት ክለብ አሠልጣኝ ነው፤ እኔ ጋሬት ደግሞ ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የቡድኑ ጥላ ነኝ። ጥላ የምንለው ኳስ የማይፈልገውን፣ ከተጋጣሚው ወገን ምርጡን ሰው ብቻ የሚፈልገውን ተጫዋች ነው። ኳሱ ወዴትም ይሂድ፣ ጥላ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

«ዓይኑን አትመልከት፤ ዓይን ያታልላል» ይለኝ ነበር። «እግሩንም አትመን። ወገቡን እይ፤ ወገቡ ወዳልዞረበት የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም። ኳሱ አየር ላይ ሳለ በእጅህ አትግፋው፣ ዳኛ ያይሃል። ኳሱ ሳይደርስ ቀድመህ በዳሌህ ቦታውን ንጠቀው።»

ይህን ሁሉ አጥንቼ ተካንሁበት። ሳላስተውል የቀረሁት፣ ሌላውን ጠፍሮ የሚውል ሰው ራሱም ከዚያው ገመድ ጋር እንደሚውል ነው።

ባለቤቴ ሊኔት ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከልጃችን ጋር በምዕራቡ ጠረፍ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ትኖራለች። እሷ እዚያ ሆስፒታል ተቀጥራለች፤ ለእኔም ወደቡ ላይ የክሬን ሥራ ተገኝቶልኛል። ረቡዕ ጠዋት ካልተገኘሁ ግን ለሌላ ይሰጣል። «ያገባኸው እኔን ይሁን የስንዴ ጎተራውን ቁርጡን ንገረኝ» ብላኛለች በስልክ፤ ሳቋ ግን አልተሰማኝም። ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ መንገድ ከጀመርሁ እደርሳለሁ። ለዚህም መሸነፍ ነበረብን። ከተሸነፍን የውድድር ወቅቱ ያበቃል፤ ካሸነፍን በሚቀጥለው ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ ይጠብቀናል፤ በቢንጋሪ ደግሞ ወቅቱ ሳያልቅ የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ኢየን። አባቴ ስሙን ከክለቡ የክብር ሰሌዳ ላይ በጩቤ ፋቀው። እንጨቱ እስካሁን እዚያች ቦታ ላይ ገርጥቶ ይታያል፤ ኢየን ግን በገና እንኳ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

በዚያ ቅዳሜ የጎረቤት ከተማ የካላቢንን ምርጥ ተጫዋች ብሮክ ሃልፒንን እንድይዝ ታዘዝሁ። ፒክአፖቹ አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ግብ በገባ ቁጥር ባለቤቶቻቸው ጥሩምባ ይነፋሉ።

«ደግሞ መጣህ?» አለኝ ብሮክ ገና ሲያየኝ። «የገዛ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትለጠፍብኝም።»

«ላብህን አሽትታው ነዋ።»

«አንተ አፍንጫ አልፈጠረብህም?» ሳቀና ትከሻውን ገፋብኝ። «እኔ የምልህ፣ ሊኔት ጋ የምትሄደው መቼ ነው?»

«ስትረቱን።»

«ታዲያ ምን ያንጠለጥልሃል! ልቀቀኝና ላሸንፍልህ!»

ከልቤ ሳቅሁ። እየሳቅሁም መለያውን ጨበጥሁ።

ሆን ብሎ መሸነፍን አላሰብሁትም ብል ሐሰት ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ አሰላስዬው ነበር። ሰውነት ግን ከአሳቡ በፊት የተማረውን ነገር በአንድ ሌሊት አይረሳም፤ ብሮክ ወገቡን ባዞረ ቁጥር እኔ አስቀድሜ እዚያ ነበርሁ።

ከጨዋታው የመጨረሻ ሩብ በፊት ሕዝቡ እንደ ወትሮው ወደ ሜዳ ገብቶ ከበበን። ብርቱካን ታደለ። አባቴ ክንዴን ይዞ ከሰው ለየኝ።

«ብሮክ ደክሞታል» አለኝ። «ግብ ሊመታ ከተዘጋጀ፣ ከፊቱ ስትቆም ግማሽ እርምጃ ወደ ግራህ ጠጋ በል። ሁልጊዜ ከፊቱ በቆመው ሰው አናት ላይ ነው የሚያነጣጥረው፤ አንተን ተከትሎ ይስታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የረቡዑን ነገር ሰምቻለሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ዕቃህን ራሴ እጭንልሃለሁ።»

«ሳያልቅስ፣ አባዬ?»

ወደ ክለቡ ቤት፣ ሰሌዳው ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ተመለከተ።

ሊያበቃ ሴኮንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። ብሮክ ከሦስት ሰዎች በላይ ተነሥቶ ኳሱን ከአየር ላይ ጨበጠ። እግሩ መሬት ከመንካቱ የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ጮኸ። በእኛ ሕግ ኳስ ጨብጦ የወረደ ሰው፣ ሰዓቱ ቢያልቅም ምቱን አይነፈግም። በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ካለፈለት ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ምሰሶውን ከነካ ወይም ከጎን ከወጣ አንድ ብቻ።

ከፊቱ ልቆም ሮጥሁ። ቦታዬን የምመርጥበት ቅጽበት ነበረኝ፤ በትክክል መሐል ላይ መቆም እችል ነበር። እግሮቼ ግን ሳያማክሩኝ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ወሰዱኝ።

«ቁም!» አለ ዳኛው።

ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ከመቺው ፊት የቆመ ሰው አይንቀሳቀስም። ከተንቀሳቀሰ መቺው ኀምሳ ሜትር ወደፊት ይሻገራል፤ ያም ብሮክን ከግቡ አፍ ላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ሕፃን ልጅም አይስትም። አንዲት እርምጃ ብቻ ነበረች የምትጠበቅብኝ። ቢንጋሪ ሞኝ ይለኝ ነበር እንጂ ከዳተኛ አይለኝም ነበር፤ ሞኝ ደግሞ ስሙ ከሰሌዳ አይፋቅም። ወደቡ፣ ሊኔት፣ የልጄ ጫማ በደጃፉ ላይ፣ ሁሉም ከዚያች እርምጃ ወዲያ ነበሩ። እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ተረከዜን ሳላነሣ ቆምሁ።

ብሮክ ኳሱን በአንድ እጁ አውርዶ መታው። አናቴ ላይ አልፎ ሄደ። ዞሬ ማየት አልቻልሁም፤ የምሰሶውን እንጨት ሲመታ ግን ሰማሁ።

አንድ ነጥብ። እኩል።

መኪኖቹ ማን ጥሩምባ መንፋት እንዳለበት አላወቁም። የእኛ ሊግ ጭማሪ ሰዓት አያውቅም፤ እኩል የወጣ ጨዋታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደገማል።

ብሮክ መጥቶ ግንባሩን ከትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «አላሸነፍሁልህም» አለኝ። «ይቅር በለኝ፣ ጎረቤት።»

ቀጥሎ አባቴ ደረሰ። ሲያመሰግነኝ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ማጅራቴን በመዳፉ ጨበጠው። «ማክሰኞ ልምምድ አለ» አለ። «ሰውህን መቼም ታውቀዋለህ።»

ሁሉም ሲበታተኑ እኔ ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም። ዳኛው በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ አልቋል እኮ። መሄድ ትችላለህ።»

ወገቤን ተመለከትሁ። ወደ ክለቡ ቤት ዞሯል።