በፊደል የተሰየመ ፎቶ

ላፕቶፑ «ተጠናቋል፤ ፎቶው ውስጥ የተደበቀ መረጃ የለም» ይላል። የኢሊሊ ስልክ ደግሞ ያንኑ ፎቶ ከፍቶ፣ ከሥሩ ካርታ ዘርግቶ፣ የተነሳበትን ቤት በቀይ ነጥብ ያሳያል። መረጃውን በሚያጠፋው ሶፍትዌር ሦስቴ ሞከረች። አሁንም አንዱ የለም ይላል፤ አንዱ አለ ይላል።

ወንድሟ ዱጉማ ልቡ በድንገት ቆሞ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የለቀስተኛው ድምፅ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ከድንኳኑ ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ዋቅሹማ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ማተሚያ ቤት አለው፤ ለነገው ሠልስት የዱጉማን ፎቶ በትልቁ አትማለሁ ያለው እሱ ነው። ለቅሶ የመጣን ሰው ደግሞ ማንም አይመልስም።

«አልደረሰም እንዴ፣ እህቴ? እናትሽ የሚስቅበትን ነው የሚሉት።»

«ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈብኝ።»

«እንደ ፋይል ላኪልኝ። በቴሌግራም ዝም ብለሽ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል።» በሩን ሲይዝ ዞር አለ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ዱጉማ የት ገባ የት ወጣ አይታወቅም ነበር።»

የሐዘንተኛ ወሬ ይሁን የአዳኝ፣ ኢሊሊ መለየት አልቻለችም። እንደ ፋይል ከላከችው ግን የተደበቀው መረጃም አብሮ ይሄዳል።

ዋቅሹማ የሚስቱን የሶፊያን ክንድ በሰበረ ማግስት፣ ዱጉማ በሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር አስተኝቷት፣ በጠራራ ፀሐይ በባሏ ማተሚያ ቤት ደጃፍ አሳልፏት ነበር። ረዳቱን «ተክለ ሃይማኖት፣ ተክለ ሃይማኖት» እያስጠራ። ባልየው ካገኘኋት እገድላታለሁ ብሎ ከዛተ ሁለት ዓመት ሆነው። ይህን ፎቶ ያነሳችው ሶፊያ ናት፤ አሁን በተደበቀችበት ቤት።

ኢሊሊ የዱጉማን የፎቶ ማህደር እንደገና አየችው። በቁጥር የተሰየሙት ፎቶዎች ሁሉ ጸድተዋል። ያልጸዱት ዱጉማ ራሱ በአማርኛ ፊደል ስም ያወጣላቸው ናቸው። ስም የሌለው ነገር ይጠፋል ይል ነበር። ሶፍትዌሩ ፊደሉን ማንበብ አቅቶት፣ ዘሏቸው አልፎ፣ ጨረስኩ ብሏል። ይኸኛው ስሙ «ሶፊያ ቤት» ነበር።

ስሙን አጥፍታ «1» ብላ ጻፈች። አጸዳችው። በስልኳ ከፈተችው፤ ካርታው የለም። 

ያኔ ነው ፎቶውን ራሱን ያየችው። ከሚስቀው ፊት ጀርባ፣ በመስኮቱ፣ የወፍጮ ቤት ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ይነበባል። ብትቆርጠው የዱጉማ ግማሽ ፊት አብሮ ይሄዳል። ደጋግማ ሞከረች፤ አይኑ ይቀራል፣ ሳቁ ይሄዳል።

እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች፤ ዋቅሹማ ከኋላዋ።

«ልጄን ሲስቅ ይዩልኝ» አለች እናቷ።

ኢሊሊ አውራ ጣቷን በወንድሟ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ፎቶውን ሰረዘችው።

«እማ» አለች፣ ዋቅሹማም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «የሚስቅበት ተበላሽቷል። የመታወቂያውን እናሳትማለን።»