ተስተካክሎ ይመለስ

ባለቤቴን ሾፌሮች «አቶ ይመለስ» ነበር የሚሉት። በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ አንዴም ሳይመለስ ከእጁ ያለፈ መኪና በጣት ይቆጠራል። ከመኪናው ሥር ባለው የምርመራ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ እያየ የላላ ብሎን፣ የሚያንጠባጥብ የፍሬን ቱቦ ወይም የተበላ ጎማ ያገኝና ቅጹ ላይ «ተስተካክሎ ይመለስ» ብሎ ይፈርማል። ባለመኪናው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዘመድ ቢልክ ወይ ፍንክች። በዚህ ጠባዩ እኮራበት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ጠባዩ ዞሮ በእኔው ላይ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ስንወጣ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን ያለው፣ በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ግን ጨዋ ቤት-መኪና ገዛን። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ በሽተኛ ሳነሳና ሳገላብጥ ወገቤ አልቋል፤ ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልችልም። ታላቅ እህቴ ደግሞ የምትኖረው አውቶቡስ አሥራ ሦስት ሰዓት በሚፈጅበት ከተማ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ሁለት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ልቧ ደክሞ ከቤት መውጣት ካቆመች ቆይታለች። እሷ መምጣት ካልቻለች እኔ ተኝቼም ቢሆን መሄድ ነበረብኝ።

መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ቆመ።

ቀን በቆረጥን ቁጥር ባለቤቴ ቱታውን ለብሶ ይመረምረዋል፤ በመረመረው ቁጥር አንድ ነገር ያገኝበታል። አንዴ ክላክሱ ድምፁ ሰለለ፣ አንዴ የኋላ መብራቱ ደበዘዘ፣ አንዴ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለኛል። እኔ ሻንጣዬን መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ፤ ለእህቴም ደውዬ «በሚቀጥለው ወር» እላታለሁ።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ደወለች። «አክስቴ፣ ዶክተሩ ከእንግዲህ ዕድሜዋ በወር ነው የሚቆጠረው፣ በዓመት አይደለም ብሎናል» አለችኝ። ማክሰኞ እንነሳ ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ የመኪናው ግንባር ላይ ተንጠልጥሏል።

«የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ ደርቋል» አለኝ።

«ዝናብ የለም እኮ።»

«ቢዘንብስ?»

«ቢዘንብ እንቆማለን! አልጋ አለን፣ ሻይ አለን!»

«አየሽ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው…»

ሻንጣውን መሬት ላይ ጣልኩት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሥራ ላይ እያለህ የገዛ መኪናህን ማን ነበር የሚመረምርልህ?»

«ሌላ መርማሪ ነዋ። የራስን መኪና መመርመር ክልክል ነው።»

«ለምን?»

«ሰው ለራሱ ያዳላላ።»

«አንተ ደግሞ በራስህ ላይ ትጨክናለህ። ያው ነው፣ ሁለቱም ትክክል አያዩም። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን መኪና አንተ አትመረምረውም። እኔ ነኝ የምመረምረው።»

ሳቀ። «አንቺ የሞተር ዘይቱ በየት እንደሚለካ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እማራለሁ።»

ዋናው መንገድ ዳር የጭነት መኪና የምትጠግን ሴት አለች። እንደ መኪና ማንሻው ክሪክ ነው የሚሏት፤ ያላነሳችው መኪና የለማ። በማግስቱ ሄጄ በአሥር ቀን ውስጥ የናፍጣ መኪና መመርመር እንድታስተምረኝ ጠየቅኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«እትዬ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል።»

«ደም የለመደ ልብስ ነው፣ ዘይት አያስደነግጠውም።»

ተስማማን። በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ ወገቤ ሲከፋብኝ ካርቶን ላይ ጋደም እላለሁ፣ እሷ ሥራዋን ሳትለቅ ታወራለች። ዘይትና ውሃ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እንደሚታይ፣ የጋለ ራዲያተር መክደኛ የሚከፍት ሰው ፊቱን የጠላ ሰው እንደሆነ፣ ቺንጋ የሚሉት የሞተር ቀበቶ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ሰጠት ማለት እንዳለበት ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ የምትደጋግመው ስለ ናፍጣው ነበር። መኪና ቆሞ የሚከርም ከሆነ ታንከሩ ይሞላ፤ ጎደሎ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ላብ ያወጣል፣ ላቡ ውሃ ሆኖ ሥር ይተኛል፣ ውሃው ደግሞ ሞተሩን ይበላዋል።

«ጋሼ በየቀኑ ያስነሳዋል አይደል?» አለችኝ።

«ለአምስት ደቂቃ። በሚኒሞ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ።»

«እሱማ በሽተኛን አልጋው ላይ ቁጭ አድርጎ መልሶ እንደ ማስተኛት ነው። የቆመ መኪና ከሚሠራው በላይ ይታመማል፣ እትዬ። መንዳት ነው መድኃኒቱ።»

ይሄን እኔ መስማት አላስፈለገኝም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ከአልጋ ሳስነሳ ኖሬያለሁ። እንዴት ቀድሞ አልታየኝም ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቱታ ለብሼ ግቢ ወጣሁ። ባለቤቴ ሻይውን ይዞ ደጃፍ ተቀምጧል፣ ቲያትር ሊያይ። ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ተጋድሜ መኪናው ሥር ገባሁ፤ መቼም ወገቤ የሚወደው አንድ ሥራ ቢኖር በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነው። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርጌ ብርጭቆ ደቀንኩ። ላዩ ናፍጣ፣ ታቹ ሁለት ጣት ሙሉ ውሃ። ወጥቼ ከሻይው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

ባለቤቴ ብርጭቆውን አየው።

ቀጥዬ ወደ ጎማዎቹ ሄድኩ። «እሱን ተይው» አለ ፈጠን ብሎ፤ «ትናንት ለክቼዋለሁ፣ ጥርሱ አዲስ ነው።» ልክ ነበር፣ ጥርሱ አዲስ ነው። እኔ ግን ክሪክ እንዳሳየችኝ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ፈለግኩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ስድስቱም ጎማዎች ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በጣቴ ስጫናቸው ጎናቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይ እየመታቸው፣ ክብደቱን ባንድ ጎን ተሸክመው ቆመዋል። የጣቢያው ቅጽ የጥርስ ጥልቀት እንጂ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀውን ደግሞ ባለቤቴ አይቶት አያውቅም።

ባለቤቴ ከጣቢያው ያስቀረውን ቅጽ ይዤ ቆምኩ። እንደዚያን ሰዓት ተጨንቄ አላውቅም። ብፈርም ነገ መንገድ ላይ ነን። ባልፈርም በዚያ ልክ የሆነ ጎማ ፍለጋ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም፣ እህቴ ደግሞ ቀን የላትም። ዝም ብዬ ብፈርም ማንም አያውቅብኝም። ግን የተሰነጠቀ ጎማ ቁልቁለት ላይ ሲፈነዳ አሰብኩ፤ ጥርሴን ነክሼ «ተስተካክሎ ይመለስ» ብዬ ፈረምኩና ሰጠሁት።

ባለቤቴ አነበበው። ደጋግሞ አነበበው። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እኔን ነው የምትመልሺው?»

«መኪናውን ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ!»

«ተራህን ጠብቅ፣ አባቴ። ወረፋ አለ።»

ወረፋማ አልነበረም፤ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የሆነው ነገር ደግሞ እኔም ያልጠበቅኩት ነው። ያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ሲደባብስ የኖረ ሰው በእልህ ተነሣ። ሌላ ሰው መልሶት አያውቅማ! ጎማ ፍለጋ ሦስት ከተማ ደወለ። ታንከሩን አውርዶ አጠበ። ማጣሪያውን ቀየረ። በስድስተኛው ቀን ጎማዎቹ መጡ፤ እስከ ቀትር ገጠማቸውና «መርማሪ ትጠራልኝ» ብሎ ላከብኝ። የላከብኝ ከግቢው ወደ ማድ ቤቱ፣ በመስኮት በኩል ነው።

ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ቢያዞረው ይጮሃል እንጂ አይነሳም። ደግሞ አዞረ። ደግሞ።

«ተው፣ ባትሪውን ትጨርሰዋለህ» አልኩት። «ማጣሪያ ቀይረሃል፣ መስመሩ አየር ይዟል። የናፍጣ ሞተር አየር ከሳበ ቀኑን ሙሉ ብታዞረው አይነሳም።» ማጣሪያው ላይ ያለችውን ብሎን አላልቼ የእጅ ፓምፗን መጫን ጀመርኩ። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ። ብሎኗን አጠበቅኩ። «አሁን።» በሁለተኛው ተነሣ።

ፈረምኩ። «አልፏል» የሚለውን ቃል በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ ጽፌው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ኋላ አልጋው ላይ ተጋድሜ፣ እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቁጭ አለ። ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ፤ እኔም ከአጥሩ ሳንወጣ ላላምን ወስኜ ጠበቅኩ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ፈራሁ» አለ። ዞሮ አላየኝም። «በሥራዬ ያሳለፍኩትን መኪና ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። እኔ ከሥሩ እንጂ ከላዩ ሆኜ አላውቅም። ይሄን የምነዳው እኔ ነኝ፣ ከኋላ የተኛሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን አንዲት ቃል አለማውጣቱ አናደደኝ፤ አሳዘነኝም።

«ፈርተህ ንዳ» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ፈሪ ሾፌር ነው።»

ነዳ። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ያልተቆለፈ መሳቢያ ተከፍቶ ማንኪያና ሹካው ሁሉ አልጋዬ ላይ ተዘረገፈ፤ ከዚያ ወዲያ ሳንነሳ መሳቢያ ሁሉ መቆለፉንና የምድጃው ጋዝ መዘጋቱን እኔ ማየት ሥራዬ ሆነ። በየሰዓት ተኩሉ እንቆማለን። እሱ ወገቡን ያፍታታል፤ እኔ ወርጄ ትኩሳት እንደምለካ ሁሉ የእጄን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጋለሁ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። አልጋሉም።

ትልቁ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ቆመና ማርሹን ቀነሰ። «በወጣንበት ማርሽ ነው የምንወርደው» አለ። ሞተሩ እያጉረመረመ መኪናውን ያዘው፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ይነካዋል። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ክላክሱን አቀለጠው። ድሮ ቢሆን ተሸማቅቆ ዳር ይይዝ ነበር። አሁን በመስታወት አያቸውና «ይጩሁ። እኔ ቤቴንና ሚስቴን ተሸክሜ ነው የምወርደው» አለ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ በር ላይ ደረስን። መስኮቱ ሥር ባለ ሶፋ ላይ ተደግፋ አገኘኋት። እጇ ቀጥኗል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። ነርስ ነኝ፣ አንድ ጊዜ አይቼ አወቅኩ። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ደረስሽ?» አለችኝ።

«ደረስኩ፣ እታለም።»

«ተነሣሁ ካልሽኝ እኮ ሁለት ዓመት ሆነ። በእንብርክክሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነብኝ። አንገቷ ሥር ተወሽቄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቆይታ በመስኮቱ ወደ መኪናው አየች። «ውስጡ እንዴት ነው?» አለች። የቤቷ በር ላይ አራት ደረጃ አለ፤ በአራቱ ደረጃ ምክንያት ነው ሦስት ዓመት ያልወጣችው። እኔ ላነሳት አልችልም። ባለቤቴ ጠጋ አለና ጎንበስ ብሎ «አንገቴን ያዢ፣ እታለም» አላት። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ እግሩን እየፈተነ፣ ተሸክሟት ወረደ። አልጋው ላይ አጠገቤ አስተኛት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ ነዳን፤ ሁለታችን በጎናችን ተኝተን፣ እሷ የሱቆቹን ስም በልጅነቴ ፊደል ስታስቆጥረኝ እንደነበረው ድምፅ እያወጣች እያነበበች።

እህቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። አሥራ አንዱንም ቀን ወጣን። ለጎማው ስላጠፋኋቸው ስድስት ቀናት ብዙ አስቤአለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ለነዚያ ጎማዎች «አልፏል» ብዬ አልፈርምም።

በዘጠነኛው ቀን መንገድ ዳር ቆመን እሷ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ባለቤቴ መጥቶ እግራችን ሥር ተቀመጠ።

«በመጀመሪያው ዓመት መጥተን ቢሆን ኖሮ…» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ተወው ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። «አዎ» አልኩት፤ «ሁለት ዓመት ወስደህብናል።»

አልተከራከረኝም። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ አስተካከለና ተነሥቶ ወደ መሪው ሄደ።

«ወዴት ነው? ተኝታለች እኮ» አልኩት።

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለ። «ስትነቃ የወንዙ ድልድይ ላይ ትሁን።»

ሞተሩ መነሣቱ እንኳ አልታወቀኝም። ማርሹን እንዴት አድርጎ እንደቀየረ እንጃ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየዞረ፣ ባንዲት መንቀጥቀጥ ሳይቀሰቅሳት ድልድዩ መሐል አድርሶ አቆመው። እታለም ዓይኗን ስትገልጥ መስኮቱን የሞላው ውሃ ነበር።